ቶሮ ምሳውን የት ነበር የሚበላው?

ጥያቄውን የለጠፍኩት ቅዳሜ ማታ ነው። መጽሐፍ ወዳዶች የምንሰበሰብበት አንድ የውይይት መድረክ አለ። እዚያ የምጽፈው ነገር ሦስት መልስ ካገኘ ደህና ነው፤ ከሦስቱም አንዱ የራሴ ነው። ይኼኛውን ግን ሰኞ ጠዋት ስከፍተው 41 ደርሶ አገኘሁት። ላልነበራችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

የጻፍኩት ስለ ትራንሰንደንታሊስቶች ነው። በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ በቦስተንና ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ የተነሱ ጸሐፊዎችና አሳቢዎች ናቸው። አውራቸው ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ነው። በ1836 «ተፈጥሮ» የምትል ቀጭን መጽሐፍ ስሙን ሳያወጣ አሳተመ። ሰው እውነትን ለማግኘት የግድ በሰባኪ፣ በወግ ወይም በሌላ ሰው መጽሐፍ በኩል ማለፍ የለበትም፤ ከገዛ ነፍሱና ከተፈጥሮ በቀጥታ ያገኘዋል፤ ነገሩ ባጭሩ ይኼ ነው። ወጣት ወዳጁ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ደግሞ ሐሳቡን እኖረዋለሁ ብሎ ተነሳ። ዋልደን የሚባል ውሃ ዳር በእጁ ጎጆ ሠርቶ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻውን ተቀመጠ።

እኔን የከነከነኝ ይኼ «ብቻውን» የሚሉት ነገር ነው። መሬቱ የኤመርሰን ነው። ከጎጆው እስከ ከተማው አንድ ማይል ተኩል ቢሆን ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት። እናቱ ቤት እየሄደ ይበላ እንደነበር ደግሞ ያላወራ የለም። ታዲያ ጠየቅኩ፦ እናቱ ቤት ምሳ የሚበላ ሰው ስለ ብቸኝነትና ራስን ስለ መቻል ምን ሊያስተምረን ይችላል? ርዕሱንም ለጨዋታ ብዬ ከላይ ያያችሁትን አደረግኩት።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ ከሁሉም ጨዋው ነበር። አመስግኖኝ ጀመረና «ሁለት ዓመት ገደማ» ያልኩትን አረመ። ቶሮ ጎጆው የገባው ጁላይ 4 ቀን 1845 ነው፤ በአሜሪካ የነጻነት ቀን። የወጣው ሴፕቴምበር 6 ቀን 1847። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን። መጽሐፉ ላይ ግን ጊዜውን አጥፎ አንድ ዓመት አድርጎታል። የታተመውም በ1854 ነው፤ እስከዚያ ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣ እንደገና ሲጽፍ ቆይቷል። ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሰውና ጎጆው ውስጥ የነበረውን ሰው በአንድ ሚዛን አትመዝኑ ብሎ ጨረሰ። ልብ የሚባል ነገር ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

2 አውራ ጣት ብቻ ነው።

መልስ 3

ይኼ ሰው የሒሳብ ባለሙያ መሆኑን ተናግሮ ነው የገባው። ቶሮን የወደደውም ለዚሁ ነው፤ የወጪውን ዝርዝር እስከ ግማሽ ሳንቲም ስለሚጽፍ። ጎጆው 10 ጫማ በ15 ጫማ ነው፤ 3 ሜትር በ4 ሜትር ተኩል። ጠቅላላ ወጪው 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል። ሚስማር 3 ዶላር ከ90። አንድ ሺህ አሮጌ ጡብ 4 ዶላር። ጠመኔ አንድ ሳንቲም። ለሳንቃው ብሎ ጄምስ ኮሊንስ ከሚባል አየርላንዳዊ የባቡር መንገድ ሠራተኛ ጎጆውን በ4 ዶላር ከ25 ገዝቶ አፈረሰው። በዚያን ጊዜ ሀርቫርድ የሚማር ልጅ ለአንዲት ክፍል ብቻ በዓመት 30 ዶላር ይከፍል ነበርና፣ ቶሮ በዚያ ዋጋ የዕድሜ ልክ ቤት ሠራሁ ይላል። ባቄላም ዘርቷል። ሁለት ተኩል ኤከር ላይ ዘርቶ ሁሉ ነገር ሲቀናነስ 8 ዶላር ከ71 ሳንቲም ተኩል አተረፈ።

ኦዲተር ግን ኦዲተር ነው። የመሬቱ ኪራይ የት አለ? የጉልበቱስ ዋጋ? ብሎ ጠይቆ ሒሳቡን «በአስተያየት» አሳለፈው። ሳቅኩ።

መልስ 4፣ 5 እና 6

4 አንዲት እህት ናት፤ ከመግቢያዋ ጀምሮ ስለታም ነበረች። ሦስተኛው መላሽ ሚስማር ቆጥሮ ልብስ አጣቢዋን ረሳት አለች። ለሁለት ዓመት የቶሮን ሸሚዝ ማን አጠበው? መጽሐፉን ማን ጻፈው አይደለም ጥያቄው፤ ካልሲውን ማን ጠቀመው ነው። ወንድ ልጅ ጫካ ገብቶ ራሱን ሲፈልግ፣ ቤት የቀረችው ሴት ደግሞ እሱ ያወለቀውን ስትፈልግ ትኖራለች ብላ ሄደች። ለዚህ ብቻ ከሌላው መልስ ሁሉ የበለጠ አውራ ጣት አገኘች።

5 ተቆጣ። ትልቅ ጸሐፊን በካልሲ መለካት የዘመኑ በሽታ ነው አለ።

6 ግን መጽሐፉን አጠገቡ አስቀምጦ የሚጽፍ ሰው ነው። ሁለታችሁም አላነበባችሁትም፤ ቶሮ ራሱ እዚያው የወጪ ዝርዝሩ መሐል ጽፎታል አለ። አጠባውና ጥገናው በአብዛኛው ከቤት ውጭ የሚሠራ እንደነበር፣ ሒሳቡም ገና እንዳልደረሰው ይናገራል። ማለትም ዕዳው እንዳለ ያውቃል፤ አልደበቀም፤ ግን አልከፈለም። ስድስተኛው ይኼን የጻፈው ለቶሮ ሊከራከር ይሁን ሊከስሰው እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔም ያንን ገጽ አንብቤው ነበር። ሳላየው አልፌዋለሁ።

መልስ 7

አነጋገራቸው በዕድሜ የገፉ ሰው ያስመስላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም «ጋሼ» እያለ ነው የጠራቸው። የእኔ ጥያቄ ከሥሩ የተሳሳተ ነው አሉ፤ ግን በማይጎዳ አነጋገር። እኛ ሰው ጫካ ገባ ሲባል ወዲያው ባህታዊ ነው የምናስበው። ገዳም፣ ዳዋ፣ ጥሬ፣ ዝምታ። ቶሮ ባህታዊ ነኝ አላለም። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ወሬ ለመስማት ከተማ ይወርድ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ጎጆው ውስጥ ሦስት ወንበር ነበር፤ አንዱ ለብቸኝነት፣ ሁለቱ ለወዳጅነት፣ ሦስቱ ለማኅበር። በዚያች በሦስት ሜትር ቤት አንዳንዴ 25 እና 30 ሰው ታጭቆ ያውቃል። የሸሸው ከሰው አይደለም፤ ከማያስፈልግ ሥራና ከማያስፈልግ ዕቃ ነው። ጠዋት ጠዋት መጻፍ ፈልጎ ነበር፤ ጻፈም። ከዚህ ይልቅ አሉ ጋሼ፣ ወዳጆቹ እነማን እንደነበሩ ብትጠይቅ ይሻልሃል።

ምክሩን ያኔውኑ ብሰማቸው ኖሮ የውይይቱ ክር በግማሽ ያጥር ነበር።

ከመልስ 8 እስከ 11

እዚህ ላይ ጨዋታው ወደ ውሃ ወረደ። እኔ «የዋልደን ኩሬ» ብዬ ነበር። 8 ኩሬ ማለት ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚደርቅ፣ ከብት የሚጠጣበት ነው አለ። ዋልደን 102 ጫማ፣ ማለትም 31 ሜትር ይጠልቃል፤ ይኼ ሐይቅ ነው። 9 ጨመረበት፤ ልኩን ያወቀው ቶሮ ራሱ ነው። የአገሩ ሰው መሬት የለውም፣ ወለል የሌለው ነው ይል ነበር። ቶሮ በ1846 ውሃው በረዶ በሆነበት ወቅት በገመድና በድንጋይ ለካውና ወለል እንዳለው አሳየ። ስለ ነፍስ ሲጽፍ የሚውለው ሰው ገመድ ይዞ በረዶ ላይ ሲንበረከክ ማሰብ ደስ ይለኛል። ሰውየው ቀያሽም ነበር፤ በዚህ ሥራ ገንዘብ ያገኝ ነበር።

10 እንደ ሆራ ነው ማለት ነው? ብሎ ጠየቀ። 11 አይደለም አለው። የቢሾፍቱዎቹ የእሳተ ገሞራ አፍ ናቸው፤ ዋልደን ግን የጥንት የበረዶ ግግር ሲያፈገፍግ ተቀብሮ የቀረ በረዶ ቀልጦ የተወው ጉድጓድ ነው። ከዚያ ሁለቱ ስለ ቢሾፍቱ ዓሣ ማውራት ጀመሩ። ዘልዬዋለሁ።

ከመልስ 12 እስከ 16

የስም ጉዳይ። አማርኛ ተናጋሪ ተሰብስቦ የስም ጉዳይ ካልተነሳ ምኑን ተሰበሰበ? 12 ትራንሰንደንታሊዝም የሚለው ምላስ ያደክማል፤ «ልዕለ ህዋሳዊነት» እንበለው አለ። 13 «ተሻጋሪነት» ይሻላል አለች። 14 ሁለቱንም አጣጥሎ ቃሉ ከየት እንደመጣ አስረዳ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሎክ ሰው የሚያውቀው ሁሉ በህዋሳቱ በኩል የገባ ነው ብሎ ነበር። ጀርመናዊው ካንት ደግሞ አይደለም፣ አእምሮ ራሱ ቀድሞ ይዞት የሚመጣ ነገር አለ አለ። ኤመርሰን በ1842 ስለ ስሙ ሲያስረዳ ወደ ካንት ነው የጠቆመው። ቡድኑ ግን ካንትን ቁጭ ብሎ ያጠና ቡድን አይደለም፤ ስሙም ሰው አሹፎ የለጠፈባቸው ነው፤ እነሱም ለመዱት። በሹፈት የወጣ ስም በግዕዝ ቢከበር ያስቃል አለ። ተስማማሁ። ይኸው እንዳለ ትቼዋለሁ።

ከባዱ ግን የኤመርሰን የ1841 ድርሰት ነው፤ በጣም የታወቀው፣ በራስ ስለ መመካት የሚናገረው። 15 «በራስ መተማመን» ብላ ተረጎመችው። 16 እባክሽ እህቴ፣ እሱ ቃል የሆቴል አዳራሽ አሠልጣኝ ቃል ሆኗል አላት፤ እጅ ወደ ላይ፣ እችላለሁ በሉ! «ራስን መቻል» ብንለው ደግሞ የቤት ኪራይ ከፍሎ መኖር ይመስላል። የኤመርሰን ነገር ሁለቱም አይደለም። በልብህ ያለችውን ሐሳብ፣ ማንም ሳያጸድቅልህ፣ እውነት ናት ብለህ ማመን ነው። አለበለዚያ ነገ ሌላ ሰው ያቺኑ ሐሳብ ይናገራትና የገዛ ሐሳብህን በኀፍረት ከባዳ እጅ ትቀበላለህ። 16 «በራስ መታመን» የሚለውን መረጠ። ለጊዜው አሸነፈ።

መልስ 17፣ 18 እና 19

17 ይኼን ሁሉ የኛ ዘርዓ ያዕቆብ ከነሱ 170 ዓመት ገደማ ቀድሞ ብሎታል፤ እሱም ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጦ አስቧል አለ። 18 «ሐተታው» የማን ነው የሚለው ክርክር ከ1920 ጀምሮ እንዳልተዘጋ አስታወሰ፤ አንዳንድ ምሁራን ጽሑፉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ሥራ ነው ይላሉ፣ ሌሎች አጥብቀው ይቃወማሉ። 17 ሊፋጅ ሲል የመድረኩ ተቆጣጣሪ በ19 ለዚህ ሌላ ክር አለ ብሎ ዘጋው። ለኔም ቢሆን ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዋሻና ጎጆ ብቻ ነው።

ከመልስ 20 እስከ 23

20 ኤመርሰንን ከመጀመሪያው ተረከው፤ ጥሩ አድርጎ። የሰባኪ ልጅ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላው ነው። ራሱም በ1829 በቦስተን የዩኒታሪያን፣ ማለትም ሥላሴን የማይቀበሉ ፕሮቴስታንቶች፣ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆነ። ባለቤቱ ኤለን በ1831 ሞተች፤ 19 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ቅዱስ ቁርባን መስጠት ህሊናዬ አልቀበል አለኝ ብሎ መድረኩን ለቀቀ። በ1838 ደግሞ በሀርቫርድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ለተመራቂዎች ንግግር አደረገ። እግዚአብሔር ድሮ ተናግሮ አሁን እንደሞተ አድርጋችሁ ነው የምትሰብኩት አላቸው። ሀርቫርድ ለ30 ዓመት ገደማ በሩን ዘጋበት።

21 በትሕትና ነው የገባው። «እርስዎ» እያለ፣ «ይቅርታ ይደረግልኝና» እያለ። ግን ነገሩ ከበድ ያለ ነው፤ ይኼ ትምህርት ኑፋቄ ነው አለ። የሰውን ነፍስ አምላክ ካደረግክ ንስሐ ለማን ትገባለህ? ሰው ራሱን ብቻ ከሰማ፣ ራሱ ሲሳሳት ማን ይነግረዋል? ለእኔ ሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሃይማኖተኛ መሆንም አይጠይቅም።

22 ጥያቄውን ትቶ ሰውየው ላይ ወጣ። በ«እርስዎ» ጀመረ፤ በሦስተኛው መስመር «አንተ» ደረሰ፤ በአምስተኛው የመላሹን ትምህርት ቤት ጠየቀ። 21 በ23 ተመለሰ፤ እሱም «አንተ» ይዞ። አማርኛ ጠብን የሚቀዳበት ማንቆርቆሪያ ተውላጠ ስሙ ነው። ስድቡ ሳይመጣ ታውቀዋለህ።

እኔ ልጨምር የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። 21 ብቻውን አይደለም። የሀርቫርዱ ሊቅ አንድሩስ ኖርተን በ1839 የእነ ኤመርሰንን ሐሳብ የቅርብ ጊዜ ክህደት ብሎ አውግዞታል። የኛው መላሽ በ180 ምናምን ዓመት ዘግይቶ ያንኑ መልስ ሰጠ፤ ሳይገናኙ።

መልስ 24

የተፈጥሮ አፍቃሪያችሁ በ1844 ዓሣ ሊቀቅል እሳት ለኩሶ 300 ኤከር የሚሆን የኮንኮርድ ጫካ አቃጥሏል ብሎ ጽፎ፣ የሚስቅ ፊት ለጥፎ ወጣ። እውነት ነው። ጎጆውን ከመሥራቱ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

መልስ 25፣ 26 እና 27

25 የእኔን ክስ ይዞ ሮጠበት። የሀብታም ልጆች ቀልድ ነው ሁሉም፤ የበላ ሰው ፍልስፍና። 26 አስቆመው። ቶሮ የእርሳስ ሠሪ ልጅ ነው፤ በአባቱ ሥራ ቤት ግራፋይቱን ከሸክላ አፈር ጋር እያዋሃደ እርሳሱን ያሻሻለው እሱ ነው። የሌላው የቡድኑ ሰው፣ የብሮንሰን አልኮት ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ዓመት በዕዳ ነው የኖረው። ቀልድ ለሚለውም መልስ አለው፤ በጁላይ 1846 ቶሮ ግብር አልከፍልም ብሎ ታሰረ። ባርነትን ለሚጠብቅና ሜክሲኮን ለሚወርር መንግሥት አልከፍልም ብሎ። ያደረው አንድ ሌሊት ነው፤ ሰው ከፈለለት፤ አክስቱ ሳትሆን አትቀርም። አስወጥተውት ተናደደ። ከዚያች ሌሊት የወጣው የ1849 ድርሰት ግን ጋንዲ እጅ ደረሰ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ እጅ ደረሰ።

27 ትንሽ አረመ። ግብሩን መክፈል ያቆመው ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት ነው፤ የሜክሲኮ ጦርነት ግን የተጀመረው በዚያው በ1846 ነው። ስለዚህ ጦርነቱ ኋላ የተጨመረ ነው፤ ሥሩ ባርነት ነው። ብሮንሰን አልኮትም በ1843 በዚሁ ጉዳይ ተይዟል፤ ቶሮ የመጀመሪያው አይደለም።

አክስቱ ከፈለችለት የሚለው ላይ 4 አንድ ቃል ብቻ ጽፋ አለፈች። ይኸው።

መልስ 28

ክሩን የቀየረው ይኼ ነው። የጻፈው ሰው ሌላ ቦታ አልጻፈም፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም።

ዋልደን ጫካ ባዶ አልነበረም አለ። ቶሮ ከመድረሱ በፊት ሰዎች ኖረውበታል፤ ከነዚህ ውስጥ ጥቁሮች ነበሩ፣ የኮንኮርድ ባለጸጎች ባሪያ የነበሩ። ኮንኮርድ ባለችበት ግዛት፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ባርነት ሲያበቃ ጥሩ መሬት ላይ የሚያስጠጋቸው አላገኙም። የተተወላቸው ይኼ አሸዋማ፣ ከከተማ ራቅ ያለ ጫካ ነው። ኬቶ ኢንግራሃም አንዱ ነው። ሌላው ብሪስተር ነው፤ ነጻ ሲወጣ ስሙ ላይ ፍሪማን ብሎ ጨመረ፣ ነጻ ሰው ማለት ነው። ኮረብታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ዚልፋ የምትባል ሴት ደግሞ እዚያ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ተልባ ለከተማው ሰው የምትፈትል፣ ስትዘፍን ጫካው የሚያስተጋባላት። በ1812ቱ ጦርነት ጊዜ የተማረኩ የእንግሊዝ ወታደሮች እሷ በሌለችበት ቤቷን አቃጠሉት፤ ድመቷም ውሻዋም ዶሮዎቿም አብረው።

ይኼን ሁሉ የምናውቀው ከቶሮም ነው። መጽሐፉ ውስጥ ቀድመውት ስለኖሩ ሰዎች አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል፤ ክረምት ሌሊት ምድጃው ዳር ተቀምጦ እንደሚያስባቸው። ብሪስተር የተከላቸው የፖም ዛፎች ያኔም ያፈሩ ነበር።

ከዚያ 28 አንድ ጥያቄ ጠይቆ ወጣ። ዚልፋም ጫካ ውስጥ ብቻዋን፣ በትንሽ ነገር፣ በገዛ እጇ ሥራ ኖራለች። እሷ ያደረገችውን ለምን ፍልስፍና አንለውም?

29 እና 30 አመሰገኑት። ሌላ የሚባል አልነበረም።

ከመልስ 31 እስከ 33

31 ሠላሳ መልስ ተጽፎ የማርጋሬት ፉለር ስም አልተነሳም፣ ነውር ነው አለች። ልክ ነበረች፤ እኔም መነሻዬ ላይ አላነሳኋትም። ፉለር በ1810 የተወለደች፣ አባቷ እንደ ወንድ ልጅ በላቲን ያሳደጋት ሴት ናት። ከ1839 ጀምሮ ቦስተን ውስጥ ሴቶችን ሰብስባ የምታወያይበት ጉባኤ ነበራት። የቡድኑን መጽሔት፣ «ዘ ዳያልን»፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ተስፋ የተሰጣት 200 ዶላር ደመወዝ አልተከፈላትም። በ1845 ስለ ሴቶች መብት የጻፈችው መጽሐፍ ወጣ። የኤመርሰንን ሐሳብ ወስዳ ጥያቄውን ያጠበቀችው እሷ ናት፤ ሰው ሁሉ በራሱ ይታመን ካልን ሴትስ? ኋላ ለጋዜጣ ልትጽፍ አውሮፓ ሄደች፤ ሮም ላይ አብዮት ሲነሳ ቁስለኞችን በሆስፒታል አስታመመች። በ1850 ከባለቤቷና ከሕፃን ልጇ ጋር ስትመለስ መርከቧ ኒው ዮርክ አጠገብ፣ የባሕሩ ዳር እየታየ፣ ሰጠመች። ሦስቱም ሞቱ። 40 ዓመቷ ነበር። ኤመርሰን ቶሮን ላከው፤ ቶሮ አሸዋው ላይ አስከሬኗንና የሮምን አብዮት ታሪክ የጻፈችበትን ረቂቅ ፈለገ። አላገኘም።

32 ይኼ ከርዕሱ ወጥቷል፣ ርዕሱ የቶሮ ምሳ ነው አለ። 4 በ33 የመለሰችለትን እዚህ አልጽፈውም፤ ተቆጣጣሪውም ግማሹን አንስቶታል።

መልስ 34 እና 35

34 የቡድኑ ሰዎች ስለ ሞከሯቸው እርሻዎች ነው። ከእነሱ አንዱ ጆርጅ ሪፕሊ በ1841 ብሩክ ፋርም የሚባል የኅብረት እርሻ አቋቋመ፤ ደራሲው ሆውቶርን ሳይቀር ገብቶ ፍግ ዛቀ፤ ብዙም አልቆየ። በ1846 ሲሠራ የነበረው ትልቁ ሕንጻ ተቃጠለ፤ በ1847 ሁሉም ተበተነ። የአልኮት ፍሩትላንድስ ደግሞ በ1843 ሰባት ወር ብቻ ነው የቆየው። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ጥጥ አይለበስም የባሪያ ጉልበት ስለሆነ፣ ሱፍ አይለበስም የበግ ስለሆነ። በሬም መጥመድ የለም፣ መጀመሪያ ላይ። አዝመራው ሲደርስ ወንዶቹ ስለ አዲሱ ኑሮ ሊሰብኩ ሄደዋል። የአልኮት ልጅ ሉዊዛ በኋላ እንደጻፈችው፣ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ገብሱን ያስገቡት እናቷና ልጆቹ ናቸው።

35 እሱና ሦስት ጓደኞቹ ከሥራ ለቀው እርሻ ሊጀምሩ እንደሆነ ነገረን። ማን ነው የሚያበስለው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እኔ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

መልስ 36፣ 37 እና 38

36 ቦስተን አጠገብ የምትኖር ሐበሻ ናት። ባለፈው በጋ ልጆቿን ይዛ ዋልደን ሄዳ ነበር። መኪና ማቆሚያው ሞልቶ ከበር መለሷቸው፤ ሁለተኛ ቀን በጠዋት ሄዱ። ዳርቻው ላይ ዋናተኛው፣ ሕፃኑ፣ ጃንጥላው። የጎጆው አምሳያ ከማቆሚያው አጠገብ ተሠርቷል፤ ልጇ ገብቶ ሽንት ቤቱ የት ነው ብሎ ጠየቃት። ጎጆው በእርግጥ የነበረበት ቦታ ግን ራቅ ይላል። እዚያ ሰው እየመጣ ድንጋይ የሚያኖርበት ክምር አለ፤ በ1872 ያስጀመረው አልኮት ነው። እሷም አንድ አኖረች።

37 የማቆሚያው ዋጋ ስንት ነው አለ። 38 በባቡር ሂድ አለው፤ የፊችበርግ መስመር አሁንም ውሃውን ተጠግቶ ያልፋል፤ ቶሮ በጎጆው ሆኖ ይሰማው የነበረው ያው ሐዲድ ነው፣ በ1844 የተዘረጋው።

መልስ 39፣ 40 እና 41

39 እኔ ነኝ። ጥያቄዬ ቀላል እንደነበር አመንኩ። ቡድኑን አንድ በአንድ ብናየው፣ «በራስህ ታመን» ሲሉ የነበሩት ሰዎች አንዱ የአንዱን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ አንዱ የአንዱን ዕዳ ሲከፍል፣ አንዱ የአንዱን አስከሬን ሲፈልግ ነው የምናገኛቸው። ይኼ ማታለል ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። አሁን ግን አሠራሩ እንዲያ የነበረ ይመስለኛል ብዬ ጻፍኩ። እናቱ ቤት መብላቱ ላይ ግን አሁንም ትንሽ ሳቅኩ።

ጋሼ በ40 መጡ። እናቱ ስም አላት፣ ሲንቲያ ትባላለች አሉኝ። በቤቷ ተከራይ አስቀምጣ ለብዙ ሰው ገበታ የምታቀርብ ሴት ነበረች፤ ልጇ ቢመጣ አንድ ሳህን ነው የሚጨመረው። ሌላም ነገር አለ። የኮንኮርድ ሴቶች ባርነትን የሚቃወም ማኅበር ያቋቋሙት በ1837 ነው። ሲንቲያና ሴቶች ልጆቿ ሄለንና ሶፊያ አባል ነበሩ። ቶሮ ያኔ 20 ዓመቱ ነው፤ ስለ ባርነት አንድ መስመር አላሳተመም። ያ ማኅበር በኦገስት 1 ቀን 1846፣ ቶሮ ከእስር ከወጣ ሳምንት አልፎት፣ የዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም የካሪቢያን ደሴቶች፣ ባሮች ነጻ የወጡበትን ቀን አከበረ። የት? ዋልደን፣ ቶሮ ጎጆ ደጃፍ ላይ።

እንግዲህ ጋሼ አሉ፣ በዚያ ገበታ ልጁ ምሳ ብቻ ነው የበላው?

41 አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው ነው፤ ስልኩን ለጠፈ፣ ተቆጣጣሪው አነሳው።

እኔ ርዕሱን ልቀይር ሞከርኩ። መድረኩ መልስ ያገኘ ርዕስ አያስቀይርም።